ከቁርስ በፊት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ነው፤ የእጅ ስልክ በእኛ በኩል ገና አልገባም ነበር። ከዚያ በላይ ብትጠይቁኝ መዋሸት ይሆናል። ዕለቱን ግን አልረሳውም፤ የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ሰንብቻለሁ። የሥራ ዘመኔን የመጻፍ ሐሳብም አልነበረኝም፤ ትምህርቴም ለመጻፍ የሚያበቃ አይደለም። ያናደደኝ ባለፈው ወር የደረሰብኝ ነው። ደም ግፊት አለብህ ተብዬ መድኃኒት ልቀበል ተሰለፍሁ። ሃያ ዓመት ከውስጥ የቆምሁበትን ዓይነት መስኮት እኔው ከውጭ ቆሜ አየሁት። ልጁ የላስቲክ ከረጢት ገፋልኝ፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «1x2» ይላል።

«ልጄ፣ ይህ ምን ማለት ነው?» አልሁት።

«ተጽፏል እኮ አባባ።»

«መጻፉንማ አየሁ። ለማን ነው የተጻፈው?»

«ቀጣይ!» አለ።

ከኋላዬ የነበረችው ሴት የራስዋን ይዛ ወጣችና «አባቴ፣ እስቲ ያንብቡልኝ» አለችኝ። አነበብሁላት። ለእሷ ግን ምን ያደርግላታል? አንድ ሲባዛ በሁለት ነው የሚለው! ደሜ ፈላ፤ ደም ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ይህ ደግ አይደለም። ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርሁ።

እኔ የተማርሁት አራተኛ ክፍል ድረስ ነው። ከዚያ በፊት ከቄስ ዘንድ ፊደልና ዳዊት ቆጥሬያለሁ። ስማዳ ወገዳ ክሊኒክ ጽዳት ሆኜ ገባሁ፤ ኋላ ጥቂት ወራት አሠልጥነው ድሬሰር አደረጉኝ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሰው ሲጠፋ ደግሞ መድኃኒት የሚያድል ነው። ሰው ግን «ሐኪም ሞላ» ይለኝ ነበር፤ እኔም ደስ እያለኝ ዝም እል ነበር። የደመወዙን ነገር አላነሣም፤ ከደመወዙ ፎርሙ ይበዛ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ጥሩነህ ናቸው፤ የወገዳ የድሮ ድሬሰር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋናቸውን ራሳቸው የሚያጥቡ ሰው። ክኒን በእጃቸው አይነኩም፤ በካርቶን ቁራጭ ጫፍ እየገፉ ነው የሚቆጥሩ። ያን ጊዜ ከረጢት የለም። ከአሮጌ ደብተር ቀድደው ወረቀት ያጥፋሉ፤ አጥፈው አጥፈው አንድ ፍሬ እንኳ የማያስወጣ ኪስ ያደርጉታል። ላዩ ላይ ይሥላሉ፦ ለጠዋት ከተራራ ጫፍ ብቅ ያለች ጀምበር፣ ለቀትር ክብ ጀምበር፣ ለማታ ጨረቃ። በየሥዕሉ ሥር የፍሬው ልክ ጭረት አለ። የስማዳ ገበሬ ይህን ያነብባል። «1x2» ግን አያነብብም።

ለሕፃን የሚጠጣ መድኃኒት ሲሰጡ እናትየዋ የቤትዋን ማንኪያ እንድታመጣ ያዛሉ። አንዷ ለወጥ መጨለፊያ የምትይዘውን ጭልፋ ይዛ መጣች።

«በዚህ ነው የምታጠጪው?» አሏት።

«ማንኪያ አላሉም?»

«ይህ እኮ ለሠርግ ቤት ነው፣ እህቴ!»

ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ የጠርሙሱን ክዳን አንሥተው ውኃ ቀድተው አሳዩዋት፤ እሷም ፊታቸው ሦስት ጊዜ ቀዳች። አንዱ ገበሬ ደግሞ ቀይና ጥቁሩን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን የእግሩ ቁስል ላይ ነስንሶት መጣ። «ይህ ሆድ የሚገባ ነው እንጂ እንደ በርበሬ የሚነሰነስ ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡት፤ ቁስሉን አጠቡለትና ሌላ ሰጡት። ተቆጥተው ሲያበቁ ሁልጊዜ ይሰጣሉ።

ዋናው ልማዳቸው ግን ማስቀጸል ነው። በልጅነታቸው የዜማ ተማሪ ነበሩ። እዚያ ቤት መምህሩ አንድ ቃል ይላል፤ ተማሪው ያንኑ ይመልሳል፤ እስኪይዘው ድረስ ይህ ነው ማስቀጸል። አያ ጥሩነህ ይህን ወደ መድኃኒት መስኮት አመጡት። የታጠፈውን ወረቀት በእጃቸው እንደያዙ አይለቁም።

«በይ ቀጽይ።»

«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪሻለኝ።»

«አይደለም! ተመለሺ። እስኪያልቅ ነው እንጂ እስኪሻልሽ አይደለም።»

«አያ ጥሩነህ፣ የድጓ ተማሪ አደረጉኝ እኮ!»

«ድጓው ቢሳሳት ታርሚዋለሽ። ይህ ቢሳሳት ማን ያርመዋል? ቀጽይ።»

እኔም ይህን ይዤ ወጣሁ። እስቴ ላይ ጥቂት ጊዜ ሠራሁ፤ ከዚያ ጋይንት ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ተዛወርሁ። ስሙን አልጠራውም፤ የሠራተኞቹ ልጆች ዛሬም እዚያ ይኖራሉ። ኃላፊያችን ከኮሌጅ የወጣ ወጣት ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ችኩል ነበር። ሰልፉ ሲረዝም መጥቶ «ጋሽ ሞላ፣ መስኮቱ ላይ ቅኔ ቤት ከፈትህ እንዴ? ጻፍና ስጥ፣ አለቀ» ይለኝ ነበር። እኔ ግን አስቀጽል ነበር። ይህን የምላችሁ ልኮራ አይደለም፤ ጥፋቴ ከየት እንደ መጣ እንድታውቁት ነው።

ሳምንቱ ቅበላ ነበር፤ ሁዳዴ ሊገባ ሰው ሁሉ ከሥጋና ከወተት የሚሰናበትበት። መሪጌታ ላቀው ደብረ ታቦር ተመርምረው፣ ስኳር ተገኝቶባቸው፣ የመድኃኒት ወረቀት ይዘው መጡ። እዚያው ጋይንት ካለችው ቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረው በደብራቸው ዜማ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን የሰማ አይረሳቸውም። ወረቀቱ «ጠዋት አንድ፣ ከቁርስ በፊት» ይላል። ልብ በሉልኝ፣ ወረቀቱ ስሕተት የለበትም። ቁርስ ለሚበላ ሰው ልክ ነው። ያ እንክብል ስኳርን ያወርዳል፤ ምግብ ካልተከተለው ማውረዱን አያቆምም።

ጀምበሯን ሣልሁ፤ ጭረቷን አሰመርሁ፤ ፊደል የሚያውቁ ናቸውና «ከቁርስ በፊት» ብዬም ጻፍሁ።

«እንደው ይቅር በለኝና» አሉኝ ዝቅ ብለው፣ «ይህ ነገር ጾም ያስገድፋል?»

«አያስገድፍም መሪጌታ። መድኃኒት እንጂ ምግብ አይደለም።»

«የንስሐ አባቴም እንዲሁ ብለውኛል።»

«በሉ እንግዲህ ይቀጽሉ።»

«እኔን? በስተርጅና ተማሪ ልታደርገኝ!» ብለው ሳቁና እዚያው ሰልፉ ፊት በዜማ አወረዱት፦ ጠዋት፣ አንድ፣ ከቁርስ በፊት። እያንዳንዷን ቃል እየሳቡ፣ እየጣሉ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ኃላፊው እንኳ ከቢሮው ብቅ ብሎ ሳቀ። እንዲህ ያለ ቅጸላ ሰምቼ አላውቅም፤ አንዲት ፊደል አልዛነፈችም። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ለቀቅሁላቸው።

የጠየቁኝን መለስሁ። የጠየቁኝ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ጥያቄ ነበር፤ የሆዱን ጥያቄ እኔ ነበርሁ መጠየቅ ያለብኝ። ሁዳዴን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው «ከቁርስ በፊት» ሲባል ምን ይሰማል? ማለዳ መሆኑን ይሰማል። ቁርስ የሚባለው ነገር በውሎው የለማ! እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ከእናቴ ማኅፀን ጀምሮ ጾም አውቃለሁ። ይህን የማያውቅ የሩቅ አገር ሐኪም ቢሆን ይቅር ይባላል። እኔ ግን እንዴት ሳተኝ?

በሁዳዴ አጋማሽ ደግመው መጡ። ከስተው ነበር።

«ከሱ እኮ መሪጌታ።»

«በሁዳዴ የሚወፍር መሪጌታ አይተህ ታውቃለህ?»

ሳቅን። ሲፈርሙ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ አይቻለሁ። እርጅና ነው ብዬ አሳለፍሁት፤ የሚቀጥለውን ወር መድኃኒት ሰጠኋቸው።

በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ ከቀትር በኋላ፣ ቃሬዛ የያዙ ሰዎች በጤና ጣቢያው በር ገቡ። ቃሬዛው ላይ የነበረው ሰው መንገድ ላይ አርፏል። ገለጥ አድርገን ስናይ መሪጌታ ላቀው ናቸው።

ኃላፊው ሪፖርት ጻፈ። «ታካሚው የመድኃኒት አወሳሰድ ትእዛዝ ባለማክበራቸው» ይላል። ደብረ ታቦር የሚሄድ አንድ፣ እኛ ዘንድ የሚቀር አንድ።

«ጋሽ ሞላ፣ ያደልኸው አንተ ነህ፤ ፈርም።»

ፈረምሁ። ለምን ፈረምህ ብትሉኝ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ባለቤታቸው መጡ። ጥቁር ለብሰው፣ ሰልፉን ጠብቀው፣ ተራቸው ሲደርስ እኔ ያጠፍሁትን ወረቀት በመስኮቱ አስገቡልኝ። ውስጡ የተረፉ እንክብሎች አሉ።

«ያልተነካው ይህ ነው» አሉኝ። «እስከዚያች ረቡዕ ጠዋት አንድም ቀን አላጎደሉም።»

«ነፍስ ይማር፣ እናቴ።»

«ፊደል አውቃለሁ፤ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ከቁርስ በፊት ይላል አይደል?»

«አዎን።»

«በሁዳዴ ቁርስ አለ?»

መስኮቱን ዘጋሁት።

ወደ ውጭ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ባለ ዛፍ ጥላ ሥር አብረን ተቀመጥን። ያን ዕለት የሆነውን ነገሩኝ። ስግደት ላይ ነበሩ። ጠዋት እንክብላቸውን በጉንጭ ውኃ ውጠው ነው የሄዱት። ቀትር ላይ ላብ አጠመቃቸው፤ ቆይተው ቃላቸው ተዘበራረቀ፤ በዚያ በኀዘን ሳምንት የዘመን መለወጫ ዜማ አነሡ። ተማሪዎቻቸው ደነገጡ፤ ፈተና ነው ያለም አለ። ባለቤታቸው ደርሰው የንስሐ አባትየውን «አባ፣ ሰዓቱ አልደረሰምና በማር ውኃ ከንፈራቸውን ላርስላቸው ወይ?» ብለው ጠየቁ።

«አባ ምን አሉ?» አልሁ።

«ተቆጡኝ! 'ለታመመ ሰው ምን ሰዓት አለው? ቶሎ አጠጪው እንጂ!' አሉኝ። ሮጬ ማሩን ሳመጣ ግን ጥርሳቸው ገጥሟል።»

ቤተ ክርስቲያን ፈቅዳ ነበር። ማሩ ቤት ውስጥ ነበረ። የጎደለው አንድ ቃል ነበር፤ ያም ቃል የእኔ ዕዳ ነበር፦ ካልበሉ አይዋጡት፤ ላብ ካሰመጠዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ማር ይላሱ።

«ከሁዳዴም በፊት፣ በዚያው በቅበላው ረቡዕና ዓርብ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ነበር» አሉኝ። «ማን ጠየቀንና እንንገር?»

የዚያን ጊዜ ስለ ሪፖርቱ ነገርኋቸው። መደበቅ አልቻልሁም።

«ትእዛዝ አላከበሩም ተብሎ ነው የተጻፈ?»

«እኔም ፈርሜበታለሁ።»

ድምፃቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሉኝ፦ «ላቀው አርባ ዓመት አገልግለው ሰዓታት ያላስታጎሉ ሰው ናቸው። ትእዛዝ አክብረው እኮ ነው የሞቱት! እኔ አልከስህም፤ ምንም አልጠይቅህም። ቃሉን ግን አርመው። የፈረምህበትን አንተው አርመው።»

ወደ ኃላፊው ገባሁ።

«ሪፖርቱ ሄዷል» አለኝ።

«ቅጂው እዚህ አለ።»

«ራስህን ልታስከስስ ነው ጋሽ ሞላ? ድሬሰር ነህ፤ ሐኪም አይደለህም። የገጠር ሰው ትእዛዝ እንደማይሰማ አንተም ታውቃለህ።»

ይህቺን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ! በየሥልጠናው፣ በየስብሰባው፦ የገጠር ሰው መድኃኒት በትእዛዝ አይወስድም፣ ያቋርጣል፣ ለጎረቤት ያካፍላል፣ ደንቆሮ ነው። መሪጌታ ላቀው ደንቆሮ ነበሩ? የድጓን ምልክት ሁሉ በቃላቸው የያዙ ሰው አንዲት «ከቁርስ በፊት» አቃተቻቸው? ትእዛዙ ነው እንጂ የሳታቸው፣ እሳቸውማ ትእዛዙን አልሳቱትም። በአገሩ ግማሹን ዓመት የሚጾም ሕዝብ ተቀምጦ፣ ስለ ጾም አንድም ቃል የሌለው ወረቀት የምንሰጥ እኛ ነን። ሲሞት ደግሞ ጥፋቱን ለሬሳው እናሸክማለን።

ይህንኑ ለኃላፊው ጮክ ብዬ ተናገርሁ። በሥራ ዘመኔ ጮክ ብዬ የተናገርሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በማግሥቱ ከመስኮቱ አንሥቶ ቁስል ማጠቢያ ክፍል መደበኝ፤ መስኮቱን ለሌላ ሰጠ።

ሥራውን ልለቅ ወሰንሁ። እርሻ ነበረኝ፤ ገብስ ዘርቼ መኖር አያቅተኝም። መልቀቂያውን ጽፌ ደረት ኪሴ ከትቼ ሳለሁ የገበያ ቀን ባለቤታቸውን ጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ልሄድ ነው» አልኋቸው።

«ወዴት?»

«ወደ እርሻዬ።»

«ቃሉን አረምኸው?»

«እንቢ አሉኝ።»

«እንግዲያ የት ትሄዳለህ? ምን እንደተሳተ የምታውቅ አንተ ነህ። አንተ ከሄድህ ማን ይነግራቸዋል?» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። አንዲት ሴት መድኃኒትዋን ይዛ እየወጣች ነበር። «ነይ እስቲ እህቴ፣ ምን አሉሽ?»

«በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ።»

«ስንት ጊዜ ትበያለሽ?»

«የሰኔ ጾም ነው፤ አንዴ ነው።»

«ሦስቱን እንዴት ልታደርጊው ነው?»

«አንዴ እውጣቸዋለኋ!»

«ተመለሺ! ሦስት ምግብ የለኝም በያቸው።»

ሴትየዋ ተመለሰች። እኔም መልቀቂያውን ከኪሴ አላወጣሁትም፤ ጋዋኑ ሲታጠብ ወረቀቱ አብሮ ፈረሰ።

ከዚያ ጀምሮ በየገበያው ቀን እዚያች አግዳሚ ላይ ናቸው። ያደርሱትን ጸሎት አድርሰው፣ መቁጠሪያቸውን ጠቅልለው ይጠይቃሉ። የመለሱት ሰው ብዛት መስኮቱን አጨናነቀው። ኃላፊው ተናዶ «እኒህ ሴትዮ ማን ናቸው?» ብሎ ዘበኛውን ጠየቀው። ዘበኛው ቀልደኛ ነበር፤ «ያልተቀጠሩ ተቆጣጣሪ ናቸው፣ ጌታዬ» አለው። ሊያስወጣቸው ዘበኛውን አዘዘ። ዘበኛው «የመሪጌታን ባለቤት በየትኛው እጄ?» ብሎ ቀረ። እኔ ደግሞ ቁስል እያጠብሁ እዚያው እጠይቅ ጀመር። መጀመሪያ «ምን ያምዎታል» አልልም፤ «ውሎዎን ይንገሩኝ» እላለሁ። መቼ ይነሣሉ፣ መቼ ይቀምሳሉ፣ የት ይውላሉ፣ ማን አብሮ አለ። ማስቀጸል ከዚህ ቀጥሎ ነው። አያ ጥሩነህ ያስተማሩኝ ሁለተኛውን ነበር፤ አንደኛውን ያስተማሩኝ እኒህ ሴት ናቸው።

ሁለት ሁዳዴ አለፈ። ኃላፊው ተዛወረና አንዲት ነርስ ተተካች። በመጣች በሁለተኛው ገበያ ቀን ወደ መስኮቱ የሚመለሰውን ሰው አይታ ወደ አግዳሚው ሄደች። ቆማ ሰማች፤ ከዚያ ተቀመጠች። ማምሻውን እኔን አስጠርታ «ጋሽ ሞላ፣ እሳቸው የነገሩኝ እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው ሲስተር። የፈረምሁት እኔ ነኝ።»

ሣጥን ከፍታ ቅጂውን ፈለገችው። አቧራውን አራግፋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ እስክሪብቶዋን ሰጠችኝ። «የድሮውን አንሠርዘውም፤ ሥሩ ላይ ጻፍ» አለችኝ። በዚያች በአራተኛ ክፍል ጽሕፈቴ እንዲህ ጻፍሁ፦ «መሪጌታ ላቀው ትእዛዙን አክብረው ወስደዋል። ስለ ጾማቸው አልጠየቅናቸውም። ጥፋቱ የእኛ ነው።» ፈረምሁ፤ እሷም ፈረመች። ደብረ ታቦርም ደብዳቤ ላከች። መልስ አልመጣም፤ አልመጣም ብዬ ዛሬም እናደዳለሁ።

በሚቀጥለው ቅበላ መሪጌታ ባገለገሉበት ደብርና በአካባቢው ባሉት ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ ተነገረ፦ የስኳር፣ የሚጥል በሽታም ሆነ የሳንባ መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ ጾም ሳይገባ ይምጣ፣ ውሎውን ይናገር። መጡ። ሰዓቱ መለወጥ ያለበትን ሲስተር ሐኪም ዘንድ እየላከች አስለወጠች። ቄሶቹም ላብ ያሰመጠውና እጁ የተንቀጠቀጠው ሰዓት ሳይጠብቅ ማር ይላስ ብለው ተናገሩ። መሪጌታን በቃሬዛ ካመጧቸው አንዱ የመጀመሪያው ተሰላፊ ነበር፤ ለካስ እሱም ስኳር አለበት።

እኔ ወደ መስኮቱ ተመለስሁ፤ ኋላም መካነ ኢየሱስ ተዛውሬ እዚያው ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ስወጣ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ ስሜ በትልቁ ተጽፎበታል። የእሳቸው ስም ግን በደመወዝ መዝገብም፣ በሪፖርትም፣ በምስጋና ወረቀትም የለም። ያ አግዳሚ ላይ ሲጠይቁ የኖሩት፣ እኔን ከመልቀቂያው የመለሱኝ፣ ባላቸው በእኔ እጅ አልፈው ሳለ አንድ ቀን እንኳ ፊት ያልነሡኝ፣ ኋላ ቆብ ጭነው የመነኰሱት እማሆይ ትርንጎ ናቸው።